67 ለ67፦ ድምፅ እኩል ሲወጣ ማን ይመራል?



ከጥያቄ ሣጥናችን ካወጣናቸው ወረቀቶች በአንዱ ላይ «የክበባችን ምርጫ እኩል ለእኩል ወጣና ሥራው ቆመ፤ ለመሆኑ በትልልቆቹ ምክር ቤቶች እንዲህ ሲሆን ምን ይደረጋል?» የሚል ጥያቄ ሰፍሮ አየን። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ይዘን የመጣነው ከወደ አሜሪካ፣ ብዙ የአገራችን ሰዎች ከሚኖሩባት ከሚኒሶታ ክፍለ ግዛት ነው።

ሚኒሶታ የራሷ ሕግ አውጪ አካል አላት። ይኸውም 67 አባላት ያሉት ሴኔትና 134 አባላት ያሉት የተወካዮች ምክር ቤት ነው። እያንዳንዱ የሴኔት ምርጫ ክልል ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ተወካዮች ስለሚልክ የታችኛው ቤት ቁጥር የላይኛው እጥፍ ሆነ። የተወካዮቹ የሥራ ዘመን ሁለት ዓመት ነው። እንግዲህ 134 ጎዶሎ ቁጥር ስላልሆነ ለሁለት እኩል ይከፈላል፤ የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 በተደረገው ምርጫ ሪፐብሊካኖች 67፣ የዴሞክራቲክ ገበሬና ሠራተኛ ፓርቲ ደግሞ 67 ወንበር አገኙ። በ1979ም እንዲሁ ሆኖ ነበር። ይህ ብቻ ቢሆን ተነጋግረው ይጨርሱት ነበር። ነገር ግን ከዴሞክራቶቹ ተመራጮች አንዱ በምርጫ ክልሉ ውስጥ በሕግ የተወሰነውን ስድስት ወር አልኖረም ተብሎ በፍርድ ቤት ተወሰነበት። ወንበሩ ባዶ ቀረ፤ ቁጥሩም 67 ለ66 ሆነ።

ሪፐብሊካኖቹ «አሁንማ ብልጫው የኛ ነው፤ አፈ ጉባኤውን እንመርጣለን» አሉ። ዴሞክራቶቹ በበኩላቸው ጥር 14 ቀን 2025 ምክር ቤቱ ሲከፈት ሳይገቡ ቀሩ። ለምን ቢባል፣ መሣሪያቸው ምልዓተ ጉባኤው ነበር።

ምልዓተ ጉባኤ ማለት አንድ ስብሰባ ሕጋዊ ሆኖ ሥራ እንዲጀምር መገኘት ያለባቸው አባላት አነስተኛው ቁጥር ነው። የሚኒሶታ ሕገ መንግሥት ከግማሽ በላይ ይላል። ግን የምኑ ግማሽ? ሪፐብሊካኖቹ «ከተያዙት 133 ወንበሮች ነው፤ ስለዚህ 67 ይበቃል» ሲሉ፣ ዴሞክራቶቹ «ከጠቅላላው ከ134 ነው፤ ስለዚህ 68 ያስፈልጋል» አሉ። ሪፐብሊካኖቹ ብቻቸውን ተሰብስበው ሊሳ ዴሙትን አፈ ጉባኤ አደረጉ። ጉዳዩ የክፍለ ግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም ጥር 24 ቀን «68 ነው» ብሎ ወሰነ፤ እስከዚያ የተሠራው ሁሉ ፈረሰ።

ያኔ መነጋገር ግድ ሆነ። በየካቲት መጀመሪያ ላይ የተደረሰው ስምምነት እንዲህ ነበር፦ ሊሳ ዴሙት ለሁለቱ ዓመታት አፈ ጉባኤ ይሆናሉ፤ ቁጥሩ ተመልሶ እኩል ሲሆን ግን ከአንድ የቁጥጥር ኮሚቴ በስተቀር ኮሚቴዎቹ ከሁለቱም ወገን በእኩል አባላትና በሁለት ሰብሳቢዎች ይመራሉ። በዚህም ዴሙት የሚኒሶታ የመጀመሪያዋ ጥቁር አፈ ጉባኤ ሆኑ። በመጋቢት በተደረገው የማሟያ ምርጫ ዴሞክራቶቹ ባዶውን ወንበር ስላገኙ ቁጥሩ እንደገና 67 ለ67 ሆነ።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ምንም ሕግ ቢሆን ለማለፍ 68 ድምፅ ይፈልግ ስለነበር ማንም ብቻውን ሊያሳልፍ አለመቻሉ ነው። በጀቱ እስከ ሰኔ መጨረሻ ካልጸደቀ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሊዘጉ ነው። ሪፐብሊካኖች በጀቱን ለማሳለፍ የጠየቁት ዋጋ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው አዋቂዎች በክፍለ ግዛቲቱ የጤና መድን እንዳይታቀፉ ነበር። ሰኔ 9 ቀን የቀድሞዋ አፈ ጉባኤና የዴሞክራቶቹ መሪ ሜሊሳ ሆርትማን፣ ከወገናቸው ብቻቸውን ድጋፍ ሰጡ። ውጤቱ 68 ለ65 ሆነ። የማይወዱትን ሕግ ደግፈው፣ የገቡትን ቃል ጠብቀው፣ በኋላ ስለዚሁ ሲናገሩ እንባ ተናነቃቸው።

ከአምስት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 14 ቀን፣ ፖሊስ መስሎ የመጣ ታጣቂ ሆርትማንንና ባለቤታቸውን በቤታቸው ገደላቸው። በዚያው ሌሊት አንድ ሴናተርና ባለቤታቸውም በጥይት ቆስለው ተርፈዋል። በመስከረም በተደረገው የማሟያ ምርጫ ቁጥሩ ለሦስተኛ ጊዜ 67 ለ67 ሆነ።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ድምፅ እኩል ሲወጣ የሚመራው በደንብ የተጻፈ ሕግና ቃል የሚጠብቅ ሰው ነው። «ከግማሽ በላይ» የሚለው ሐረግ የምኑ ግማሽ እንደሆነ ቀድሞ ሳይብራራ በመቅረቱ ብቻ አንድ ምክር ቤት ሦስት ሳምንት አጥቷል። ነገ በየትምህርት ቤቱ ክበብ ስናቋቁም፣ ምርጫው ከመደረጉ በፊት ሦስት ነገሮችን በመተዳደሪያ ደንባችን እንጻፍ፦ ስንት ሰው ሲገኝ ስብሰባው ይጀመራል? ቁጥሩ የሚታሰበው ከጠቅላላው ነው ወይስ ካሉት? እኩል ከወጣስ? ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገራችን ሰው። ድምፅ ከተቆጠረ በኋላ ሁሉም ደንቡን የሚያነበው በሚጠቅመው በኩል ነውና።