ጠረጴዛው ለእኛ ይለካ!

የሮማ የቤት ሠራተኛ ዕረፍት፣ እንደ ቆየው ልማድ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ነው። በእነዚህ ቀናት ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ የሚገናኙ ወገኖቻችን ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ ወደ ሕመማቸው ይገባሉ። አንዷ «ወገቤን» ትላለች፣ ሌላው «ትከሻዬን» ይላል። ኪኒኑ፣ ቅባቱ፣ ጠበሉ፣ ሐኪሙ ሁሉ ይነሣል። አንድ ነገር ግን ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም፤ እሱም ቀኑን ሙሉ ቆመን የምንሠራበት ጠረጴዛ ከፍታ ነው።

ነገሩ ተራ ይመስላል። እኔ አዲስ አበባ የእንጨት ሥራ ተምሬያለሁ፤ ሮማ ደግሞ ብዙ ዓመት በሰው ቤት አገልግያለሁ። ዛሬ በትርፍ ጊዜዬ የወገኖቼን ጠረጴዛ እጠግናለሁ። በዚህ ሁሉ ያየሁት አንድ ነው፤ ሰው ለሸሚዙ ልኩን ያስለካል፣ ለጫማው ቁጥሩን ያውቃል፣ በቀን ስምንት ሰዓት ለሚጎብጥበት ጠረጴዛ ግን ልክ ያለው አይመስለውም።

የአዳኙ ጠረጴዛ

በጉዳዩ ላይ ዓይኔን የከፈቱልኝ በሞንቴቬርዴ ሰፈር አስታምማቸው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። በጉልምስናቸው አዳኝ ነበሩ። ብዙ የኢጣሊያ አዳኞች እንደሚያደርጉት፣ የተተኮሰውን ቀልሃ አይጥሉም፤ ባሩዱንና እርሳሱን መዝነው ራሳቸው መልሰው ይሞሉታል። ለዚሁ ሥራ በምድር ቤታቸው አንድ ጠረጴዛ ነበራቸው።

ጠረጴዛው እንዳይነቃነቅ ከግድግዳው ጋር በቡሎን ታስሯል። ቀልሃውን የሚጫነው መሣሪያ ረጅም እጀታ አለው። እጀታው ወደ ላይ ሲነሣ እጃቸው ከትከሻቸው አያልፍም፤ ወደ ታች ሲወርድም ወገባቸው አይጎብጥም። የባሩዱ ሚዛን ግን እዚያ ጠረጴዛ ላይ አልነበረም። በዓይናቸው ትክክል በተመታ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። የሚዛንን መርፌ ከላይ ወይም ከጎን የሚያይ ሰው ቁጥሩን አዛብቶ ያነባል፤ በባሩድ ሥራ ደግሞ የተዛባ ቁጥር ጣት ያስቆርጣል፣ ዓይን ያጠፋል። ወገቡን የሚያመው ሰው ደግሞ ሐሳቡ ሥራው ላይ አይቆይም። ስለዚህ ለእሳቸው የጠረጴዛው ከፍታ የምቾት ብቻ ሳይሆን የደኅንነትም ጉዳይ ነበር።

እዚያው ቤት፣ ደረጃውን ስንወጣ፣ የእኔ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ነበር። ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ማንሻ ዝጎ ከእኔ በጣም ላጠረ ሰው በሚሆን ከፍታ ላይ ተጣብቋል። ለትርፍ ጊዜ ጨዋታ የሚሆነው ጠረጴዛ በክንድ ተለክቶ፣ እንጀራዬን የማገኝበት ሳይለካ ቀርቷል! ይህንኑ ለልጃቸው በትሕትና ነገርኩት። በሳምንቱ አዲስ መተኮሻ መጣ። ብዙ ጊዜ አሠሪው ክፉ ሆኖ ሳይሆን የነገረው ሰው ጠፍቶ ነው።

ልኩ ክርን ነው

አለካኩ ቀላል ነው። በሥራ ጫማዎ ቀጥ ብለው ይቁሙ። ትከሻዎን ይልቀቁት፣ ክንድዎን ከጎንዎ አጥፈው መዳፍዎን ወደ ፊት ይዘርጉ። ሌላ ሰው ከወለሉ እስከ ክርንዎ በሜትር ይለካልዎ። ለምሳሌ 100 ሳንቲሜትር ሆነ እንበል።

ሽንኩርት ለመክተፍ፣ ልብስ ለማጠፍና ለመሳሰለው ቀላል ሥራ እጅዎ የሚያርፍበት ቦታ ከክርን ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ዝቅ ይበል፤ ማለትም ከ85 እስከ 90። ጉልበት ለሚጠይቅ ሥራ፣ ለምሳሌ ሊጥ ለማሸትና እንጨት ለመላግ፣ ከዚያም ዝቅ ያድርጉት፤ የሰውነትዎ ክብደት ያግዝዎታል። ከባድ አንሶላ የሚተኩስም እንዲሁ። ዓይን ለሚፈልግ ጥቃቅን ሥራ፣ እንደ እጅ ስፌት፣ ከክርን ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል፤ ክርኑም መደገፊያ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። የሚለካው የጠረጴዛው ገጽ ሳይሆን እጅ የሚሠራበት ቦታ ነው። የሮማ ኩሽና ባንኮኒ አብዛኛውን ጊዜ ከ85 እስከ 90 ሳንቲሜትር ነው። እዚያ ላይ ከነእግሩ 20 ሳንቲሜትር የሚሆን የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲቀመጥ የምጣዱ ፊት 110 ደረሰ ማለት ነው። ክርኗ 100 የሆነ እኅታችን ሊጡን ስታዞር ክንዷን ሰቅላ ነው። ሠላሳ እንጀራ ከጋገረች በኋላ ትከሻዋ ቢነድዳት ምን ይገርማል? ምጣዱን 60 ወይም 65 ሳንቲሜትር በሆነ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ብታወርደው ፊቱ ከ80 እስከ 85 ይሆንላታል። ግን ጠረጴዛው የማይወላገድ፣ ሙቀት የሚችል፣ ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ የተቀመጠ ይሁን።

ዕቃ ማጠቢያው ደግሞ ተቃራኒው ነው። አፉ 90 ቢሆንም ወለሉ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ረጅሙ ሰው እዚያ ላይ ይጎብጣል። ገበቴ ገልብጦ ወይም የእንጨት ርብራብ አስገብቶ ዕቃውን ከፍ ማድረግ ነው።

ምልክቱን ማወቅም ይጠቅማል። ሲሠሩ ትከሻዎ ወደ ጆሮዎ ከተሰቀለ ጠረጴዛው በዝቷል፤ አንገትዎና ወገብዎ ከጎበጠ አንሷል።

ያለ ብዙ ወጪ

አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ ይላል አናጢ። ከመቁረጥዎ በፊት በካርቶን ወይም በጣውላ ከፍ ዝቅ እያደረጉ አንድ ሳምንት ይሞክሩት። ያጠረ ጠረጴዛ ከሆነ እግሩ እንዳይንሸራተት መሐሉ በተቦረቦረ የእንጨት ኩብ ላይ ያቁሙት። የረዘመውን የሰው ባንኮኒ መቁረጥ አይቻልም፤ ስለዚህ ሰፊና የማያንሸራትት የእንጨት መቆሚያ ከእግርዎ ሥር ያድርጉ። ረጅም ሰዓት ለሚቆም ሰው አንድ እግር በተራ የሚያርፍበት 15 ሳንቲሜትር ያህል ከፍታ ያለው ነገር ወገቡን ያሳርፈዋል።

እሑድ ጠዋት ፖርታ ፖርቴዜ ገበያ ጠንካራ አሮጌ የእንጨት ጠረጴዛ በደህና ዋጋ ይገኛል። እግሩን ለማሳጠር ሲያስቡ ግን የሮማ አሮጌ ቤቶች ወለል ብዙ ጊዜ ቀጥ ያለ እንዳልሆነ አይርሱ። ጠረጴዛውን በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ያቁሙ፤ ከእግሮቹ ሥር እየሸጎጡ ገጹን ያስተካክሉ። ከዚያ ሊቀንሱ ባሰቡት ቁመት የተቆረጠ እንጨት ወለሉ ላይ እያንሸራተቱ በአራቱም እግሮች ዙሪያ በእርሳስ ያስምሩ። በመሥመሩ ከቆረጡ አይወላገድም።

ሕጉስ?

በኢጣሊያ የሥራ ቦታ ደኅንነትን የደነገገው እ.ኤ.አ. የ1994ቱ ሕግ ቁጥር 626 የቤት ሠራተኛን ከ«ሠራተኛ» ትርጉም ውጭ አድርጎት ነበር። እሱን የተካው የ2008ቱ ሕግ ቁጥር 81ም ሲወጣ ይህንኑ ደገመ። ይህ ማለት ግን መብት የለንም ማለት አይደለም። የቤት ሠራተኞች የጋራ ኮንትራት ጤናማና አስተማማኝ የሥራ ቦታ እንዲኖረን ይላል። ኢጣሊያ በ2013 ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189ም ይህንኑ ያረጋግጣል። በሕጋዊ መንገድ የተመዘገበ የቤት ሠራተኛ ለሥራ አደጋና ለሥራ በሽታ በኢናይል መድን ይሸፈናል። ለማመልከት እንደ አክሊና ኢንካ ያሉት ፓትሮናቶዎች ይረዳሉ። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ «አሞኛል» ብቻ አትበሉ፤ ምን እንደምትሠሩ፣ ስንት ሰዓት እንደምትቆሙ አስረዱ፤ ወረቀቱንም አስቀምጡ።

ወገኖቼ፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ወደዚህ ከተማ የመጡ እኅቶቻችን በክንዳቸው ወንድም አስተምረዋል፣ እናት ጦረዋል፣ አገር ቤት ጣራ አስከድነዋል። ከእነሱ አንዷን አውቃለሁ፤ እትዬ የምላት ናት። ዛሬ የልጅ ልጇን ከመሬት ማንሣት አትችልም። የላከችው ገንዘብ ቤት ሆኖ ቆሟል፤ የእሷን ወገብ ግን የሚመልስ የለም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ገና በሥራ ላይ ያላችሁ ሜትር አንሡና ተለካኩ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ።