ከየት ሀገር ነሽ?

ለሦስት ወር የመረጃ መሰብሰብ ሥራ ወደ ጋምቤላ ልሄድ ሻንጣ ሳዘጋጅ እናቴ ከላይ ጋቢ ጣለችበት። «ክፍለ ሀገር ማታ ማታ ይበርዳል» ብላ። ያ ጋቢ እስካሁን ከሻንጣው አልወጣም። (ሦስት ወሩ ስምንት ሆኗል፤ እሱን ሌላ ቀን።) ጋምቤላ ከተማ ከባህር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ነች። መጋቢት ላይ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ይዤው የመጣሁት ጥብቅ ጂንስ በሁለተኛው ቀን እጅ ሰጠ።

እዚህ እኔ «ደገኛ» ነኝ። ገበያ ሳልፍ ሰው ቀና ብሎ ያየኛል። አዲስ አበባ ላይ መካከለኛ ቁመት ያለኝ ይመስለኝ ነበር፤ እዚህ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጡ ሴቶች ቁጭ ብለው እንኳን ይበልጡኛል።

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ላዋ ላይ ነው። አንድ ረጅም ጨርቅ ነው፤ ከልብስ በላይ ይደረግና አንድ ትከሻ ላይ ይቋጠራል። የኑዌር እናቶች ለገበያም፣ ለቤተ ክርስቲያንም፣ ለለቅሶም ይለብሱታል። አየር ያስገባል፣ ሕፃን ያቅፋል፣ ፀሐይ ይከልላል። እኔም አንድ ገዛሁና በዩቲዩብ አይቼ ለብሼው ወጣሁ። መንገድ ላይ አንዲት እናት አስቆሙኝ። ምንም ሳይሉ ቋጠሮዬን ፈትተው እንደገና አሰሩልኝና «ማሌ» ብለውኝ ሄዱ። ማሌ በኑዌርኛ ሰላምታ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ላዋዬ ወድቆ አያውቅም።

በዕድሜ የገፉ የኑዌር ወንዶች ግንባር ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የተሰመሩ ስድስት መስመሮች ታያላችሁ። ጋር ይባላል፤ ልጅ ወደ አዋቂነት መሻገሩን የሚያሳይ ነው። ሁሌ የሚያደርሰኝ ባጃጅ ነጂ ግንባሩ ንጹሕ ነው። ጠየቅኩት። «አባቴ አላቸው። እኔ ትምህርት ቤት ገባሁ» አለኝ። ሌላ ማብራሪያ አልሰጠኝም።

ጨርቅና ጋምቤላ የቆየ ታሪክ አላቸው። በ1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተከፈተ። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የእንፋሎት መርከብ ይመጣ ነበር፤ ጨርቅና ጨው አራግፎ ቡና ጭኖ ይመለሳል። ዛሬ ሰልባጅ በመኪና ነው የሚገባው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት፣ ዶርም በገባን ቀን፣ አልጋዋን የምታነጥፍ አንዲት ልጅ አገኘሁ። በእንግሊዝኛ «ከየት ሀገር ነሽ?» አልኳት። እሷ በአማርኛ «ከጋምቤላ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ዓመታት አብረን ኖርን፤ ስለዚያ ጥያቄ ግን አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። አብረን ካፌ ስንገባ አስተናጋጁ ለእኔ በአማርኛ፣ ለእሷ በእንግሊዝኛ ያናግረን ነበር። አንድ ቦታ እንደውም ፓስፖርት ጠይቀዋታል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ከ300 ሺህ በላይ ስደተኞች በጋምቤላ ክልል ተጠልለዋል፤ እሷንም ብዙ ሰው ከእነሱ ይቆጥራታል። እሷ አኝዋክ ነች፤ የተወለደችውም እዚሁ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ አያቷ ቤት ወሰደችኝ። አያቷ ከሳጥን ውስጥ አንድ ቋጠሮ አውጥተው ፈቱልኝ። ሰማያዊ የብርጭቆ ዶቃዎች፤ ዲሙይ ይባላሉ። የአኝዋክ ጥሎሽ በእነዚህ ነበር የሚከፈለው። ኑዌር ከብት ይሰጣል፣ አኝዋክ ዲሙይ። ኢኮኖሚክስ ተምሬ ስለ ገንዘብ እንደዚህ የገባኝ ቀን የለም። ዶቃው ጥንት ከሩቅ በንግድ የመጣ ነው፤ እዚህ የሚሠራው የለም፤ ስለዚህ ማንም አያትመውም። ለእህትህ ሠርግ የገባው ዲሙይ ለአንተ ሚስት ይወጣል። እህቱ ያላገባችለት ወንድ ይጠብቃል። ክላስ ውስጥ «የገንዘብ የዝውውር ፍጥነት» እያልን የሸመደድነው ነገር እዚህ ሰው ሲያጋባ ኖሯል። ዛሬ ጥሎሹ በአብዛኛው በብር ሆኗል፤ ብሩ ደግሞ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ።

አያቷ እኔን አየት አድርገው በአኝዋክኛ አንድ ነገር ጠየቋት። ጓደኛዬ እስክታነባ ሳቀች።

«ምን አሉ?»

«ይቺ ልጅ ከየት ሀገር ነች አሉ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ሩቅ ነው አልኳቸው።»

ስንወጣ፣ ባሮ ዳር ማንጎ ጥላ ሥር ቆመን ባጃጅ ስንጠብቅ፣ «ያን ቀን ዶርም ውስጥ የጠየቅኩሽ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ታስታውሺዋለሽ እንዴ?» አለችኝ። «እኔ ብቻ የማስታውሰው መስሎኝ ነበር።»

ይቅርታ ጠየቅኳት። ባጃጁ መጣ። ዋጋውን የተከራከረችው እሷ ነች፤ ለእኔ ሁሌ ይጨምሩብኛል።