የክሪፕቶ ፕሮጀክቶች ፕሮግራመር የሚያገኙት እንዴት ነው? ከጎንደር ለሚጠይቅ

«የብሎክቼይን ዴቨሎፐር እንፈልጋለን፣ ክፍያው በዶላር» የሚል ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ ማየት የተለመደ ሆኗል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኢንፎርማቲክስ ኮሌጅ የሚማር፣ ወይም ተመርቆ ማራኪ በተባለው ሰፈር ቤት ተከራይቶ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ይህን ሲያይ ልቡ ቢንጠለጠል አይፈረድበትም። ለመመለስ ግን እነዚህ ፕሮጀክቶች በእርግጥ ሰው የሚያገኙበትን መንገድ ማወቅ አለበት። መንገዱ እኛ ከለመድነው ምዝገባ፣ የጽሑፍ ፈተናና ቃለ መጠይቅ በጣም ይለያል፤ ሥራው ይቀድማል፣ ክፍያው ይከተላል።

ቢትኮይንን እንውሰድ። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የሚጠራ፣ ማንነቱ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ሰው ወይም ቡድን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2008 ሐሳቡን በጽሑፍ አቀረበ፤ በጃንዋሪ 2009 ሶፍትዌሩን ለቀቀ። ኮዱን ማንም ማንበብ፣ መቅዳት፣ ለራሱ መለወጥ ይችላል። ኦፕን ሶርስ ወይም ክፍት ምንጭ የሚባለው ይህ ነው። ባለቤት የሆነ ኩባንያ የለውም፤ ስለዚህ ማመልከቻ የሚቀበል የሰው ኃይል ክፍልም የለውም። ኮዱ ጊትሀብ በተባለው ድረ ገጽ ተቀምጧል። ማሻሻያ ያለው ሰው ለውጡን ጽፎ ያቀርባል፤ ሌሎች ያነቡታል፣ ይሞክሩታል፣ ጉድለቱን ይነግሩታል። ለውጡን በመጨረሻ ወደ ዋናው ኮድ የማስገባት ሥልጣን ያላቸው ግን በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው።

ጥንቃቄው ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2010 በቢትኮይን ኮድ ውስጥ በነበረ አንድ የቁጥር ስሕተት ምክንያት 184 ቢሊዮን ቢትኮይን ከምንም ተፈጠረ። በጠቅላላ ሊኖር የሚገባው ከ21 ሚሊዮን አይበልጥም። ስሕተቱ በሰዓታት ውስጥ ታርሞ ያ መዝገብ ተሰረዘ፤ ዛሬ ቢደርስ ግን የሚጠፋው የብዙ ሚሊዮን ሰዎች ገንዘብ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ፕሮጀክት አዲስ ሰው ሲመጣ ዲግሪውን አይጠይቅም፣ አገሩንም አይጠይቅም፤ ብዙ ተሳታፊዎች በብዕር ስም ነው የሚሠሩት። የሚያየው ያቀረበውን ሥራና የተሰጠውን እርማት የተቀበለበትን መንገድ ነው። ጎንደር ለዚህ እንግዳ አይደለችም። በበዓታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም የሚማር ደቀ መዝሙር መምህር የሚሆነው ከሊቃውንቱ ፊት ቆሞ፣ ተሰምቶ፣ ታርሞ፣ ሲያስመሰክር ነው።

ብዙ ጀማሪዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። አዲስ ነገር ጽፈው ለማስደነቅ ይቸኩላሉ። ዋናው የቢትኮይን ሶፍትዌር የሆነው የቢትኮይን ኮር የአሠራር መመሪያ ለአዲስ ሰው የሚመክረው ግን ሌላ ነው፤ የሌሎችን ለውጥ እንዲያነብና እንዲሞክር። በፕሮጀክቱ እጥረት ያለው የሚጽፍ ሰው ሳይሆን በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው ነው። የሌላውን ኮድ አውርዶ፣ አስነሥቶ፣ «ይህን ሞከርኩ፣ እዚህ ላይ ተበላሸ» ብሎ በግልጽ የሚጽፍ ተማሪ ከጥቂት ወራት በኋላ ስሙ ይታወቃል። እንግሊዝኛው የተዋበ መሆን የለበትም፤ ግልጽ ከሆነ ይበቃል።

ታዲያ ማን ይከፍላል? አንዳንዱ ፕሮጀክት ከበስተኋላው ኩባንያ ወይም ፋውንዴሽን አለው፤ ኢቴሪየምን የኢቴሪየም ፋውንዴሽን ይደግፈዋል። ቢትኮይንን የመሰለው ደግሞ በድጋፍ ገንዘብ ይኖራል። ድጋፉን ከሚሰጡት ድርጅቶች ለእኛ የሚቀርበው ቢትረስት ነው። ከትዊተር መሥራቾች አንዱ ጃክ ዶርሲና ዘፋኙ ጄይ ዚ እ.ኤ.አ. በ2021 500 ቢትኮይን መድበው፣ መጀመሪያ ትኩረቱ አፍሪካና ሕንድ እንዲሆን አድርገው ያቋቋሙት ነው። አብዛኞቹ የመጀመሪያ የቦርድ አባላቱ ናይጄሪያውያን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2023 ቃላ የተባለውን የአፍሪካ ፕሮግራመሮች ማሠልጠኛ ጠቅልሎ ወሰደ። ከእንዲህ ያለ ድርጅት ድጋፍ የሚጠይቅ ሰው በቅድሚያ የሚጠየቀው «እስካሁን በክፍት ኮድ ላይ ምን ሠርተሃል? ምን ሠርተሻል?» የሚለውን ነው።

በአገራችን ትልቁ ምሳሌ ካርዳኖ ነው። ካርዳኖ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረ፣ አዳ የሚባል ገንዘብ ያለው ክፍት ምንጭ ብሎክቼይን ሲሆን፣ ኮዱን በዋናነት የሠራው በቻርልስ ሆስኪንሰን የሚመራው፣ ያን ጊዜ አይኦኤችኬ ይባል የነበረው ኩባንያ ነው። የተጻፈበት ቋንቋ ሃስኬል ይባላል። ሃስኬል ለሒሳብ የቀረበና ብዙ ዓይነት ስሕተትን ፕሮግራሙ ከመነሣቱ በፊት የሚይዝ ቋንቋ ነው፤ ችግሩ አጥርቶ የሚያውቀው ሰው ጥቂት መሆኑ ነው። ኩባንያው ገበያ ላይ ያላገኘውን ሰው ራሱ ለማሠልጠን ወሰነ። መጀመሪያ አቴንስ፣ ቀጥሎ ባርቤዶስ ላይ አስተማረ። በ2010 ዓ.ም. ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረመ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የሒሳብ ሊቁ ላርስ ብሩንየስ አዲስ አበባ መጥቶ ከኢትዮጵያና ከኡጋንዳ የተውጣጡ ከሃያ በላይ ወጣቶችን ሃስኬል አስተማረ። ተማሪዎቹ በሙሉ ሴቶች ነበሩ።

ይህን ሥራ እኔ ከልቤ አከብረዋለሁ። ኩባንያው ያለቀለትን ሰው ከሌላ ቀጣሪ ከመንጠቅ ይልቅ፣ በፕሮግራም ሙያ ብዙ ጊዜ ወደ ጎን የሚገፉትን ሴቶች መርጦ ከባድ ቋንቋ አስተምሯል። ሆኖም ትምህርቱ የተሰጠው አዲስ አበባ ነው፤ የቆየውም ለጥቂት ወራት ነው። በ2013 ዓ.ም. ኩባንያው ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር በመሆን በ3,500 ትምህርት ቤቶች ለሚገኙ 5 ሚሊዮን ተማሪዎች በብሎክቼይን የተደገፈ መለያ እንደሚያዘጋጅ ሲያስታውቅ ዜናው ዓለምን አዳረሰ። እንዲህ ያለውን ሥርዓት ለዓመታት ጠግኖ የሚያቆይ ግን ዜና ሳይሆን በየክልሉ የሚገኝ ፕሮግራመር ነው፤ እርሱን ማፍራት ደግሞ ከስምምነት ፊርማ እጅግ የዘገየ ሥራ ነው። ያንኑ ዓመት ብሩንየስ ፕሉተስን፣ ማለትም በካርዳኖ ላይ ውል የሚጻፍበትን ቋንቋ፣ በኢንተርኔት ለማንም ክፍት አድርጎ ማስተማር ጀመረ። በእኔ ግምት ለጎንደርና ለደባርቅ ተማሪ ከአዲስ አበባው ክፍል ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ነው።

ሌላው ምሳሌ አዲስ አበባ የሚገኘው አይኮግ ላብስ ነው። ጌትነት አሰፋና ቤን ገርትዘል የመሠረቱት ይህ ድርጅት ወጣት ኢትዮጵያውያንን ኦፕንኮግ በተባለ ክፍት ምንጭ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮጀክት ላይ ያሠራ ነበር። ገርትዘል እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ሲንጉላሪቲኔት የተባለውን የክሪፕቶ ፕሮጀክት ሲጀምርና በደቂቃ ገደማ 36 ሚሊዮን ዶላር ሲሰበሰብ፣ በክፍት ኮድ ላይ እጃቸውን ያፍታቱ የአይኮግ ልጆች ለሥራው ዝግጁ ነበሩ።

አሁን ወደ ጎንደር እንመለስ። የመጀመሪያው ፈተና ኢንተርኔት ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የክልሉ ሰው ያውቀዋል። በዚህ ላይ አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚይዙበት ጊት የተባለው መሣሪያ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የቢትኮይን ኮር ኮድ ከነታሪኩ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ነው፤ አንድ ቀን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አውርዶ ዳባት ወይም አምባጊዮርጊስ ቤተሰብ ዘንድ ይዞ መሄድ፣ እዚያ መጻፍ፣ መስመር ሲገኝ መላክ ይቻላል። የሚላከው ጽሑፍ ስለሆነ ከአንድ ፎቶ ያንሳል። ሙሉው የቢትኮይን የክፍያ መዝገብ (ብሎክቼይኑ) ከ500 ጊጋባይት በላይ መሆኑን ሰምቶ ተስፋ የሚቆርጥ አለ፤ ለመለማመድ ግን አያስፈልግም። ሬግቴስት የሚባለው አሠራር በገዛ ኮምፒውተር ላይ ምንም ሳያወርዱ የራስን የሙከራ ሰንሰለት ለማስነሣት ያስችላል። አቅሙ ደከም ባለ ላፕቶፕ ኮዱን ማጠናቀር ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፤ መብራት በሌለበት ሰፈር ይህንንም አስቀድሞ ማሰብ ነው። ከኮድ በፊት ሌላ በር ለሚፈልግም፣ የቢትኮይን ኮር የአማርኛ ትርጉም ተጀምሮ ያልተሟላ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ክፍያው ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በአገር ውስጥ ክፍያ የሚፈጸመው በብር እንደሆነና በክሪፕቶ መገበያየት ሕጋዊ እንዳልሆነ በመግለጫ አሳስቧል። ኮድ መጻፍ ገንዘብ ማዘዋወር አይደለም፤ ደመወዙን በክሪፕቶ ተቀብሎ እዚህ መመንዘር ግን ሰውን ችግር ውስጥ ሊከት ይችላል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ክፍያው በውጭ ምንዛሪ በባንክ እንዲገባ መስማማት፣ ከባንኩም ምን ሰነድ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛው አደጋ ከማስታወቂያው ራሱ ይመጣል። ቀጣሪ መስለው ፕሮግራመሮችን የሚያጠምዱ ሌቦች አሉ፤ ከሰሜን ኮሪያ ጋር የተያያዙ ቡድኖች «የቅጥር ፈተና ነው፣ ይህን ኮድ አውርደህ አስነሣው» እያሉ ቫይረስ ማስገባታቸው እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በደኅንነት ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ ተዘግቧል። የማያውቁትን ኮድ የግል ፋይልና የይለፍ ቃል ባለበት ኮምፒውተር ላይ ማስነሣት አይገባም። ለምዝገባ ወይም ለሥልጠና ቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቅም ቀጣሪ አይደለም። ማጣሪያው ቀላል ነው። እውነተኛ ክፍት ምንጭ ፕሮጀክት ኮዱ በይፋ ይታያል፤ ማን መቼ ምን እንደለወጠ ለዓመታት ተመዝግቧል፤ ጥያቄ ሲጻፍ ሰው ይመልሳል። በ2016 ዓ.ም. ብዙ ወጣት ሃምስተር ኮምባት የተባለውን የቴሌግራም ጨዋታ ሲነካ ከርሟል፤ ያ ግን ተጠቃሚ መሆን እንጂ የፕሮግራመር ሙያ አይደለም።

ሰው ለሚፈልጉት ፕሮጀክቶችም የምለው አለኝ። ጎንደር ላይ ሰው ማግኘት ከፈለጉ ለአንድ ሳምንት መጥቶ ሰርተፍኬት አድሎ መመለስ አይበቃም። የኢንፎርማቲክስ ተማሪ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን በእውነተኛ ክፍት ኮድ ላይ እንዲሠራ ከኮሌጁ ጋር ይስማሙ፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ ሥራውን የሚያነብና በቀናት ውስጥ የሚመልስ አንድ ልምድ ያለው ሰው ይመድቡ፤ መስመር ሲቋረጥ የማስረከቢያ ቀን ይራዘም። ለደባርቅ ልጅ ደግሞ ከላፕቶፑ ጋር የኢንተርኔት ወጪውን ቢሸፍኑለት ለአንድ ቀን የሆቴል ስብሰባ ከሚያወጡት በታች ነው።