የጃፓን የመፀው በዓላትና በዚያ የሚኖር እንግዳ

ሰው ለትምህርት ወይም ለሥራ ከአገሩ ወጥቶ በባዕድ ምድር ሲቀመጥ፥ ከሥራው ቀን ይልቅ የሚከብደው የበዓሉ ቀን ነው። በሥራ ቀን ሁሉም ይደክማልና ባዕድነቱ እምብዛም አይታወቀውም። በበዓል ቀን ግን ጎረቤቱ ሁሉ ልብሱን ለውጦ፥ ልጆቹን አስከትሎ፥ ከበሮ እየመታ በደጁ ሲያልፍ፥ እርሱ በመስኮት የሚመለከት ብቻ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ብቸኝነቱ ይገለጥለታል። በዓልን በማየትና በዓልን ከሕዝብ ጋራ በመዋል መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው፤ ይህንም በጃፓን አገር የሚውሉት የመፀው በዓላት በግልጥ ያስረዳሉ።

በኢትዮጵያ ክረምቱ አልፎ ዘመነ ጽጌ ሲገባ ምድር በአበባ ትሸፈናለች፤ በጃፓን ግን በዚያው ወራት ዛፉ ቅጠሉን ለማራገፍ ይሰናዳል። የቅጠሉ መቅላት በሴፕቴምበር ወር በሰሜን ካለው ከሆካይዶ ተራሮች ይጀምርና ቀስ በቀስ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ወደ ኪዮቶ ከተማ የሚደርሰውም በኖቬምበር መጨረሻ ገደማ ነው። ሕዝቡም የቅጠሉን ቅላት ለማየት ብቻ ጉዞ ያደርጋል። ይህ ወራት ደግሞ ሩዙ የሚታጨድበት ስለ ሆነ፥ ከመፀው በዓላት የሚበዙት ስለ መከሩ ምስጋና የሚቀርብባቸው ናቸው። ዛሬ ኖቬምበር 23 ቀን የሠራተኞች ምስጋና ተብሎ በሕግ የሚከበረው በዓል እንኳ፥ ንጉሠ ነገሥቱ አዲሱን ሩዝ ከሚያቀርብበት ከጥንቱ ሥርዓት የመጣ ነው።

የጃፓን መንግሥት በ1873 ዓመተ ምሕረት የአውሮፓን የቀን አቈጣጠር ተቀብሏል፤ ከዚህ በላይም ሆነ ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ነገር ግን ሕግ ያልሻረው ልማድ አለ። በጥንቱ አቈጣጠር የስምንተኛው ወር 15ኛ ሌሊት ሲደርስ፥ ቤተ ሰቡ ከሩዝ ዱቄት የተድቦለቦለ ቂጣና የሣር ዘለላ በመስኮት አጠገብ አኑሮ የጨረቃን ሙላት ይመለከታል። ሌሊቱ ጨረቃን ስለሚከተል ዘንድሮ የዋለበት ቀን ለከርሞ አይመለስም። አበቅቴና መጥቅዕ ለሚቈጥሩ ሊቃውንት ይህ ነገር እንግዳ አይሆንባቸውም፤ የሕዝብ ልብ የቀድሞውን አቈጣጠር አጥብቆ እንደሚይዝ ያውቃሉና።

መዓልትና ሌሊት በሚተካከሉበት ሰሞን ደግሞ ሂጋን የሚባሉት ሰባት ቀኖች አሉ። በእነዚህ ቀኖች ሰው ሁሉ ወደ አባቶቹ መቃብር ሄዶ ድንጋዩን በውሃ ያጥባል፥ አረሙን ይነቅላል፥ አበባና ዕጣን ያኖራል። ከመካከላቸው ያለው ቀን በ1948 ዓመተ ምሕረት በወጣው ሕግ የሕዝብ በዓል ሆኗል። የአባቶቹ መቃብር በሩቅ አገር የቀረበት እንግዳ ይህን ሲያይ ስለ ራሱ ቤት ሳያስብ አይቀርም።

በኪዮቶ ኦክቶበር 22 ቀን የሚውለው የዘመናት በዓል ደግሞ ለሹማምንት የሚሆን ምክር አለው። ንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫውን ወደ ቶኪዮ ካዛወረ በኋላ፥ ከሺህ ዓመት በላይ መናገሻ የነበረችው ኪዮቶ ትደኸያለች ትረሳለች ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ሕዝቡ ግን በማዘን ብቻ አልተቀመጠም። መናገሻይቱ የተመሠረተችበት የ794 ዓመተ ምሕረት 1,100ኛ ዓመት ሲታሰብ፥ በ1895 ሄያን የሚባለውን መቅደስ ሠርቶ ይህን በዓል ጀመረ። 2,000 ያህል ሰዎች በየዘመኑ ልብስ ተሸልመው ከቀድሞው ቤተ መንግሥት ተነሥተው ያልፋሉ፤ ሰልፉም ከቅርቡ ዘመን ጀምሮ ወደ ጥንቱ ይመለሳል። ስለዚህ በመንገድ ዳር የቆመ ሰው የአንድ አገር ታሪክ ከልጅ ወደ አባት፥ ከአባት ወደ አያት እየተቈጠረ ሲሄድ ያያል።

ከእነዚህ በዓላት አንዱ ለኢትዮጵያዊ የተለየ ትርጓሜ አለው። በኦክቶበር ወር በሁለተኛው ሰኞ የሚውለው የስፖርት ቀን የሚያስታውሰው በ1964 ዓመተ ምሕረት ኦክቶበር 10 ቀን የተከፈተውን የቶኪዮ ኦሎምፒክ ነው። በዚያ ኦሎምፒክ አበበ ቢቂላ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ገና ጥቂት ሳምንታት ሲሆኑ፥ ኦክቶበር 21 ቀን ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ ፈጽሞ ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። በዚህ ወራት በየትምህርት ቤቱ የሩጫ በዓል ይደረጋል፤ ወላጆችም ምሳቸውን ይዘው በሜዳው ዳር ምንጣፍ አንጥፈው ይቀመጣሉ። ከገመድ ጉተታው ላይ ሰው ሲጐድል ባዕዱም አባት ይጠራል። የዕድሜ ባለጸጎች የአበበን ስም ሲያነሡለት ኢትዮጵያዊው በዚያ ሜዳ ፈጽሞ እንግዳ አለመሆኑን ይረዳል።

ነገር ግን የነገሩ ፍሬ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። በየሰፈሩ በዓል ወጣቶች ሚኮሺ የሚባለውን ያጌጠ ማደሪያ በረጃጅም እንጨቶች በትከሻቸው ተሸክመው እየጮኹ ያዞራሉ። በኦሳካ አውራጃ ባለችው በኪሺዋዳ ደግሞ 4 ቶን ያህል የሚከብደውን የእንጨት ሠረገላ ብዙ ሰዎች በገመድ እየጐተቱ ይሮጣሉ። ይህ ሁሉ ትከሻና ክንድ ይፈልጋል። የጃፓን ሕዝብ ቍጥር ግን ከ2008 ዓመተ ምሕረት ወዲህ እያነሰ ሄዷል፤ ከመቶው ሰው 29 ያህሉም ዕድሜው 65 እና ከዚያ በላይ ነው። በባላገር ወጣቱ ወደ ከተማ ስለ ፈለሰ በዓሉን የሚሸከመው ሰው ጠፍቷል። በኢዋቴ አውራጃ ባለ አንድ ጥንታዊ የቡድሃ መቅደስ በብርድ ወራት ሲከበር የኖረውና ከ1,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው የሚባለው በዓል፥ ሽማግሌዎቹ ስለ ደከሙና ተተኪ ስለ ታጣ በ2024 ዓመተ ምሕረት የመጨረሻው ሆኖ ተዘግቷል። በዓሉን ያስቀረው ጦርነት ወይም ዐዋጅ አይደለም፤ የሰው እጦት ነው።

በሌላ ወገን በጃፓን የሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች በ2022 ዓመተ ምሕረት መጨረሻ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። እንግዲህ አንዱ ዘንድ ሸክም አለ፥ ተሸካሚ የለም፤ ሌላው ዘንድ ትከሻ አለ፥ የሚጠራው የለም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ትንሽ ነገር ነው፤ እርሱም የሰፈሩን ማኅበር ሄዶ መጠየቅ ነው። ማኅበሩ የሰፈሩ ምልክት ያለበትን አጭር ካባ ያለብሰዋል፥ የሚቆምበትን ቦታ ያሳየዋል፥ ከሸክሙም በኋላ ከሽማግሌዎቹ ጋራ በአንድ ማዕድ ያስቀምጠዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው የአገራችን ተረት በዚያ ሲፈጸም ይታያል።

በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሰልፉን ከሩቅ ያየ ሰው የጥምቀትን በዓል ያስታውስ ይሆናል፤ ነገር ግን እምነቱ ፈጽሞ ሌላ ነው። ስለዚህ ከበዓሉ የትኛው ሥርዓተ አምልኮ፥ የትኛው የጎረቤት ደስታ እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ለእንግዳው የተተወ ነው። ኅሊናው ሚኮሺውን መሸከም ያልፈቀደለት ሰው፥ ውሃ ቢያድል፥ መንገዱን ቢጠርግ፥ የልጆቹን ምግብ ቢያሰናዳ፥ ሠራተኛ እንጂ ተመልካች አይባልም። የሚጸልየውን ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ፎቶግራፍ አለማንሣት፥ ከሰገነት ሆኖ ሚኮሺውን ቍልቍል አለመመልከት፥ ቆሻሻውን ወደ ቤቱ ይዞ መመለስም የአክብሮት ወግ ነው። የሌላውን ማክበር የራስን መተው አይደለምና።

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፥ በሁለተኛው ብር፥ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። ይህ ተረት እውነት የሚሆነው ግን በመቀመጫው ብቻ ለሚቀመጥ እንግዳ ነው። ከሰፈሩ ሰዎች ጋራ ትከሻውን ያዋሰ ሰው በየዓመቱ እንደ ቤተ ሰብ ይጠበቃል። ወደ ጃፓን የሚላኩ ተማሪዎችና ሠራተኞችም ይህን ቢያስቡ ይጠቀማሉ። በመስከረም 17 ቀን የመስቀል በዓል ሲደርስ ቡና አፍልቶ ጎረቤቱን የሚጠራ ኢትዮጵያዊ፥ በጥቅምት ወር ጎረቤቱ ገመዱን እንዲይዝ ሲጠራው እምቢ አይበል። በዓሉን ለጎረቤቱ ያካፈለና የጎረቤቱን ድካም የተካፈለ ሰው፥ በሰው አገር ብቻውን አይውልምና።