የእንዶድ ረጅም ደጅ ጥናት

እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱት በዝተው አገኙ። ከእጥበቱ በላይ ያሉት ግን ደህና ነበሩ።

የቀንድ አውጣ ሞት ለሰው ምን ይፈይዳል? የቢልሃርዚያ ትል ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ አይተላለፍም። ከዓይነ ምድር ጋር ወንዝ የገባው እንቁላል ይፈለፈላል፤ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ካልተራባም ማንንም አይይዝም። እረኛው ሲዋኝ፣ ገበሬው መስኖ ሲያጠጣ ቆዳ በስቶ የሚገባው ከቀንድ አውጣው የወጣው ነው። የእንዶድ ፍሬ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን በተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ ቀንድ አውጣውን የሚገድለውም እሱ ነው። ተነጥሎ ሲወጣ በአክሊሉ አባት ስም «ለማቶክሲን» ተባለ። ዓሣም ይገድላል፣ አይካድም፤ ግን ውኃ ውስጥ ብዙ ሳይቆይ ይፈርሳል። በዓድዋ ለአምስት ዓመት በተደረገው ሙከራ በበሽታው የተያዙ ሕፃናት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ።

ደጅ ጥናቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የዓለም አቀፍ ተቋማት ባለሙያዎች አፍሪካ ውስጥ የተሠራውን የደህንነት ምርመራ አላመኑም፤ በምዕራባውያን ቤተ ሙከራ መመዘኛ ይደገም አሉ። እናቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን እጃቸውን የነከሩበት ፍሬ! ጥያቄው ከነአካቴው ስህተት ነበር አልልም፤ ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር መመርመር አለበት። ወጪውን ማን ይቻል የሚለው ግን ዓመታት ፈጀ፤ በየአጥሩ የሚበቅል ተክል ለየትኛው ኩባንያ ያተርፋል? የካናዳ የልማት ምርምር ማዕከል እጁን ሲዘረጋ ሃያ ዓመት አልፎ ነበር። በአንጻሩ ቻይና በ1967 የወባ መድኃኒት ፍለጋን በመንግሥት ትእዛዝና ገንዘብ ስለጀመረች፣ ከጭቁኝ ዘመድ የተገኘው አርቴሚሲኒን ዓለምን አዳረሰ፤ ያገኙት ተመራማሪ ቱ ዩዩም በ2015 ኖቤል ተሸለሙ። እንዶድ እንዲህ ያለ ጠባቂ አልነበረውም።

አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ለገሰ ወልደዮሐንስ በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1990ዎቹ የሰሜን አሜሪካን ታላላቅ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዛጎል ለበስ እንስሳ ለማጥፋት የሚውለውን የእንዶድ ጥቅም በስሙ አስመዘገበ። አክሊሉ በ1997 አረፉ።

ዛሬ ለተማሪዎች የሚታደለው ፕራዚኳንቴል ሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል፤ ልጁ ወደዚያው ወንዝ ሲመለስ ግን እንደገና ይያዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ቀንድ አውጣን በመድኃኒት ስለማጥፋት መመሪያ አወጣ። የተመረጠው ኬሚካል ኒክሎሳማይድ ነው።