ሚስማሩን አትንቀሉት!

ውድ እህቶቻችን፣ ከእናንተ መካከል ባሎቻቸው ወይም ወንድሞቻቸው በግንባታ ሥራ የሚተዳደሩ ብዙዎች አሉ። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ በእናንተ በኩል ለእነርሱ እንዲደርስልን ነው።

በግንባታ ቦታ በመዶሻ ፈንታ በአየር ግፊት ሚስማር የሚተኩስ መሣሪያ አለ። ሥራ ያፋጥናል፤ አደጋውም ፈጣን ነው። መሣሪያው በብዛት በሚሠራበት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት በየዓመቱ 37,000 ያህል ሰዎች በዚሁ ጉዳት ወደ ድንገተኛ ሕክምና ሄደዋል። በብዛት የሚመታው እጅና ጣት ነው።

መሣሪያው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቃታው ተስቦ እስከተያዘ ድረስ አፉ የነካውን ሁሉ ይመታል፤ ጭንም ይሁን የባልደረባ እጅ አይመርጥም። ሁለተኛው ግን አስቀድሞ አፉ እንጨቱን ካልነካ፣ ከዚያም ቃታው ካልተሳበ አይተኩስም። የመጀመሪያው አደጋ በእጥፍ ያህል ስለሚበልጥ ሁለተኛው ይመረጣል። በየትኛውም ቢሠራ ጣትን ቃታ ላይ አድርጎ መንቀሳቀስ አይገባም። ሚስማር ሲሰነቀርበትም ከመነካካቱ በፊት የአየር ቱቦው ይነቀል። የዓይን መከላከያ መነጽርም አይረሳ።

ሚስማር ሰውነት ውስጥ ሲገባ ቀዳዳው ትንሽ፣ ደሙም ጥቂት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በጉጠት ነቅለው ወደ ሥራ የሚመለሱ አሉ። ይህ አደገኛ ነው። ሚስማሮቹን ያያያዘው ሽቦ ተቆርጦ እንደ መንጠቆ ስለሚቀር ሲነቀል ጅማትና ነርቭ ሊቀድ ይችላል። ሚስማሩ የተበሳ ደም ሥር ደፍኖ ከሆነም ደሙ ይለቀቃል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሚስማሩ እንዳይነቃነቅ በዙሪያው ንጹሕ ጨርቅ ተደርጎ ይታሰር። ደም ካለ ከጎንና ከጎን እንጂ በሚስማሩ ላይ አይጫኑ። እጅ ከሆነ ሳያብጥ ቀለበት ይውለቅ። ከዚያም በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው። ጣቱ ከደነዘዘ ወይም አልታጠፍ ካለ አንድ ሰዓት እንኳ አይዘግይ።

የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትንም አትርሱ። በአገራችን ለነፍሰ ጡሮች ስለሚሰጥ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ አዋቂ ወንዶች ግን ብዙውን ጊዜ አይደርሳቸውም። ለእንዲህ ያለ ጥልቅ ቁስል የመጨረሻውን ከወሰደ 5 ዓመት ያለፈው ሰው እንደገና ያስፈልገዋል።

ሥራዬን አጣለሁ ብሎ ጉዳቱን የሚደብቅ አይጠፋም። ሳይታከም የቀረ እጅ ግን የነገውንም ሥራ ይነሣል። ስለዚህ ስትደውሉለት፣ «ክትባቱን መቼ ወሰድክ? መሣሪያህስ የትኛው ዓይነት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ቢጎዳም በሥራ ላይ መጎዳቱን አሠሪው በጽሑፍ እንዲመዘግብለት ይጠይቅ።