አንገት ከፊት ሲያዝ እንዴት ይመለጣል?

ያለ አሠልጣኝ በሣር ሜዳ ስንታገል አንድ ጓደኛችን አንገቱ ከፊት ተይዞ ራሱን ሳተ። ምክንያቱን ኋላ ተረዳነው፤ በአንገት ግራና ቀኝ ወደ አንጎል የሚወጡት የደም ሥሮች አብረው ከተጨመቁ ሰው በ10 ሰከንድ ገደማ ይዝለፈለፋል። ስለዚህ በነፃ ትግል ደንብ ክንድ ሳይጨመር አንገትን ብቻ በሁለት እጅ መቆለፍ ክልክል ነው። በጁዶ ግን ማነቅ ተፈቅዷል።

አያያዙ የሚመጣው እግር ልንይዝ ዝቅ ብለን ስንገባ ነው። ባላጋራው ደረቱን በማጅራታችን ላይ ጭኖ አንገታችንንና አንድ ክንዳችንን ያቅፋል። ብዙዎቻችን፣ እኔም ጭምር፣ ያን ጊዜ ራሳችንን ወደ ኋላ ለመንጠቅ እንታገላለን። ይህ ስሕተት ነው፤ ክንዱ ከአገጭ ሥር ይበልጥ ይጠብቃልና። አስቀድሞ አገጭን ወደ ደረት መሰብሰብ፣ ከዚያም አንገትን የያዘውን እጅ አንጓው ላይ በሁለት እጅ ጨብጦ ወደ ታች መሳብ ይገባል። የተያዘው ክንድ ክርን ከጎድን አይራቅ፤ ከራቀ ባላጋራው በዚያው በኩል ዞሮ ከኋላ ይይዛል። እጁ ሲላላ ጉልበትን ከሆድ በታች ሰብስቦ፣ አንድ እግር ተክሎ፣ ራስን ቀና ማድረግ ነው፤ የተጫነው ክብደት ወደ ጎን ይንሸራተታል። ትንፋሽ ካጠረ ግን የባላጋራን ጎን በመዳፍ መታ መታ ማድረግ ነው፤ እኛ ያን ቀን ይህን ምልክት አናውቅም ነበር።